ሆዱ ውስጥ ቀበሮ ያለበት ልጅ

ነቀምቴ ውስጥ ጃፓንን የሚጠላ ሰው አላጋጠመኝም። ከአዲስ አበባ እኛ ዘንድ ለመድረስ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንጓዝ ነፍሳችንን አደራ የምንሰጠው ለጃፓን ነው፤ አባዱላው የእነሱ፣ ኮስተሩ የእነሱ፣ ጭነት ቆልሎ የሚያልፈን አይሱዙም የእነሱ። ሽማግሌ ካለ ደግሞ ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ቶኪዮ ይገባል፤ አበበ ቢቂላ፣ 1957 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የማራቶን ወርቅ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዘመናቸው አገሪቱን አይተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጽፈውላታል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥታችን ራሱ በአመዛኙ የተቀዳው ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ሕገ መንግሥት ሲቀዳ ዝም ያለ አገር፣ የእህቴ ልጅ የጃፓን ካርቱን፣ አኒሜ የሚሉትን፣ በፍላሽ ሲቀዳ ግን ኡኡ አለ። አገር ስል ቤታችንን ማለቴ ነው።

የቂሙ ባለ ርስት ጎረቤታችን ነው፤ ከዲኤስቲቪ ቤት የማይጠፋ የሊቨርፑል ደጋፊ። ነገሩ የሚጀምረው ከዲሽ ዘመን ነው። ያኔ ዲሹ የሚያመጣልን የዐረብ ጣቢያ ነበር፤ ስፔስ ቱን የሚባለው የልጆች ጣቢያም «ካፒቴን ማጂድ»ን ያሳያል። ማጂድ አገሩ ላይ ጹባሳ ነው የሚባለው፤ ጃፓን የሣለው፣ ዐረብ የተረጎመው፣ ነቀምቴ ያልገባው ኳስ ተጫዋች። ሜዳው ከመርዘሙ የተነሣ ይጎብጣል፤ ልጁ ኳስ እየነዳ ሲሮጥ ጎሉ ከአድማስ ሥር ቀስ እያለ ብቅ ይላል። አንዱ ሊመታ እግሩን ያነሣና ሳያወርደው የልጅነት ታሪኩን ያስታውሳል። ትዝታው ሳያልቅ የዕለቱ ክፍል ያልቃል። «ነቀምቴ ላይ መትቶ ጊምቢ ላይ ነው የሚያገባው! ኦፍሳይዱን ማን ያያል?» ይላል ጎረቤቴ፣ እስከ ዛሬ እየተናደደ። ፈርናንዶ ቶሬስ ኳስ የጀመረው ይህንኑ ካርቱን አይቶ መሆኑን ራሱ መናገሩን አነሣሁለት፤ የሊቨርፑል ሰው ለቶሬስ ሲል ይለዝባል ብዬ። ጥቂት አሰበና «ለካ ለዚህ ነው ቼልሲ ሲሄድ ጎሉ የጠፋበት» አለኝ።

በቪዲዮ ቤት ያደግን ሰዎች ቅሬታ ሌላ ነው። የቪዲዮ ቤት ሕግ አጭር ነበር፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ይጋረዳል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ አክተሩ አይሞትም። ሕንዱም ቻይናውም ይህን ሕግ ያከብር ነበር። ፊልሙን ቀድሞ ያየ ልጅ ደግሞ ከፊት ተቀምጦ «አሁን በመስኮት ይገባል፤ አሁን እህቱ መሆኗን ያውቃል» እያለ ከነማብራሪያው ያሳየናል፤ ዝም በል የሚለው አልነበረም። በዚህ ያደገ ሰው «ዴዝ ኖት» ፊት ሲቀመጥ ይታያችሁ። አንድ ጎበዝ፣ መልከ መልካም ተማሪ ስሙ የተጻፈበት ሰው ሁሉ የሚሞትበትን ደብተር ያገኛል። አክተሩ እሱ ነው ብዬ ከጎኑ ቆምኩ። ደብተሩ እየሞላ፣ ሬሳው እየበዛ ሲሄድ ግን ግራ ገባኝና «አክተሩ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። «ኤሱማ፣ እሱን ተመልካቹ ነው የሚወስነው» አለኝ የእህቴ ልጅ። ኤሱማ የእናት ወንድም ነው፤ በአክብሮት ነው የጠራኝ፤ አነጋገሩ ግን ፈተና እንደሚያርም መምህር ነበር። ቀኑን ሙሉ ስወስን ውዬ ማታ ፊልም ላይም ልወስን?

ከሁሉም የሚበዛው ስሞታ «አይንቀሳቀሱም፤ ያወራሉ» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ሐቅ አላቸው። «ድራጎን ቦል» ውስጥ ፍሪዛ የሚባለው ክፉ፣ ፕላኔቷ አምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ይላል። አምስቱ ደቂቃ አሥር ክፍል ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለ አምስት ደቂቃ የማውቀው መናኸሪያ ውስጥ ነው፤ ረዳቱ «ሁለት ሰው ብቻ ቀረ!» እያለ የሚጮኸው።

ምክንያቱ ግን ስንፍና አይደለም፣ ሒሳብ ነው። ጃፓናዊው ሠዓሊ ኦሳሙ ቴዙካ በ1963 እ.ኤ.አ. «አስትሮ ቦይ»ን በየሳምንቱ ለቴሌቪዥን ማቅረብ ሲጀምር ገንዘቡም ጊዜውም አልነበረውም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ያሳልፋል፤ ዲዝኒ ለዚያ 12ም 24ም ሥዕል ሲያስል፣ እነሱ አንዱን ሥዕል ሦስት ጊዜ እያሳዩ በስምንት ሥዕል ይወጡታል። ገላው ይቆማል፣ አፍ ብቻ ይከፈታል ይዘጋል፣ ከኋላ መስመር ይሮጣል። ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው ትልልቅ ዓይኖች እንኳ ቴዙካ የዲዝኒ ፊልሞችን ከመውደዱ የመጡ ናቸው። በዚያ ላይ ካርቱኑ በየሳምንቱ በመጽሔት የሚወጣ የሥዕል ታሪክ ይከተላል። ደራሲው ሳይጨርስ ከደረሱበት ወይ ያወራሉ፣ ወይ ይጮኻሉ፣ ወይ ከራሳቸው ፈጥረው ይሞላሉ። የመጀመሪያው «ናሩቶ» 220 ክፍል አለው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ሰማንያ የሚሆነው እንዲያ የተሞላ ነው። ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ዘርዝሬ አስረዳሁት። «ታዲያ ደራሲው እስኪጽፍ ለምን አያርፉም?» አለ። አሁን አሁን ማረፍ ጀምረዋል፤ ብዙዎቹ አሥራ ሁለት ወይም ሃያ አራት ክፍል ሠርተው ይቆማሉ። እሱ ግን ይህን ዜና ሊሰማ አልጠበቀኝም።

ስለ ሴቶቹ አለባበስ የሚቀርበውን ክስ አልከራከርም፤ እውነት ነው፤ እንለፈው።

ለባለቤቴ ተቃውሞ መልስ አለኝ፤ ፊት ለፊት አልመልስላትም እንጂ። «ዝም ብለው ሲተያዩ ነው የሚውሉት» ትላለች። ይህን የምትለው ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ቱርኮችን ስትጠብቅ ያመሸች ሴት ናት። «ጥቁር ፍቅር» ላይ አንድ ሰው በር ከፍቶ ከገባ፣ ካሜራው የተቀመጠውን ሰው ፊት አንድ በአንድ ሳይዞር ማንም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ያኔ አርቲስቶቻችን ባህል ሊጠፋ ነው ብለው ሲቃወሙ ባለቤቴ ከቱርኮቹ ጎን ተሰልፋ ነበር። ቱርኮቹ ግን አማርኛ ይናገራሉ። ሽንኩርት እየከተፍክ፣ ጀርባህን ሰጥተህ ታያቸዋለህ። አኒሜው ድምፁ ጃፓንኛ፣ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ዓይንህን ለአፍታ ካነሣህ አለቀልህ። ቤታችን ውስጥ ያን ጽሑፍ አሯሩጦ የሚያነበው አንድ ሰው ነው፤ እሱም የአሥራ አራት ዓመት ልጅ።

ነገሩ ያለው እዚህ ይመስለኛል። በእኛ ቤት የሚያስረዳው ትልቅ ሰው፣ የሚጠይቀው ልጅ ነበር። አሁን ትልቁ ሰው «ይሄ ማነው? ያኛው ሞቶ አልነበር እንዴ?» ሲል ልጁ ከስክሪኑ ዓይኑን ሳይነቅል «ቆይ» ይለዋል። ይህን ማን ይወዳል? ዓይናቸው ተለቀ፣ ፀጉራቸው ቆመ የሚባለው ሰበብ ነው።

አክስቴ ብቻ ከዚህ ሁሉ ትለያለች። ቸርች የማትቀር ሴት ናት፤ ሳታየውም «ጋኔን ነው» ብላ ፈርዳበታለች። ልጁ ደግሞ ያለው የናሩቶ ክምችት ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ታላቅ ወንድሙ የሰበሰበው ነው፤ ሌላው መሬት ይወርሳል፣ እሱ ይህን ወረሰ። አንድ እሑድ ከሰዓት አክስቴ ከድስት የወጣ ትኩስ አንጮቴ ጭኗ ላይ ባለው ትሪ ይዛ፣ ጣቷን እፍ እያለች ትልጣለች። ልጁ ዝም ብሎ ከሚያይ ይሻላል ብሎ ፊልሙን አቆመና ዞረ፤ «አኮ» ነው የሚላት፣ አያቴ እንደ ማለት።

«አኮ፣ የዚህ ልጅ ሆድ ውስጥ ዘጠኝ ጅራት ያለው ቀበሮ ታስሯል።»

«ማን አሰረው?»

«አባቱ። በተወለደ ዕለት፣ መንደሩን ለማዳን።»

«አባቱስ አሁን የት አለ?»

«ያን ዕለት ሞተ። እናቱም ሞተች።»

አንጮቴውን አስቀመጠች። «ታዲያ ማን ያሳድገዋል?»

«ማንም። ብቻውን ነው የሚኖረው።»

«መንደሩ ሰው የለውም?»

«ሞልቷል፤ በቀበሮው ምክንያት ይጠሉታል እንጂ።»

«ምን ይበላል?»

«ኑድል። የፈላ ውሃ ያፈስበታል።»

አክስቴ ስክሪኑ ላይ ደርቆ የቀረውን ቢጫ ፀጉር ልጅ ትክ ብላ አየችው። «ቀበሮውን እንኳ አስጸልየው ያስወጡለታል» አለች። «መንደር ሙሉ ሰው እያለ ሕፃን ብቻውን የሚያድርበትን አገር ግን ቁጭ ብዬ አላይም።»

የ«ናሩቶ» ደራሲ ማሳሺ ኪሺሞቶ ከ1999 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ሲጽፍ የኖረው ይህንኑ ነው፤ መንደር ያገለለው ልጅ። ጎረቤቴ ስለ ኦፍሳይድ፣ ባለቤቴ ስለ መተያየት፣ የእህቴ ልጅ ስለ ፍልሚያው ሲያወሩ፣ አንጮቴ እየላጠች ነገሩን ከሥሩ ያገኘችው ጠላቱ ናት። ከዚህ የተሻለ የመጥላት ምክንያትም ሰምቼ አላውቅም።

አላይም እንዳለችው አታይም። ጀርባዋን ለቴሌቪዥኑ ሰጥታ ትቀመጥና ቡና ሲቀዳ ግን «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ እያለች ትጠይቃለች።

«ኢልማ ኮ፣ ያ ልጅ ዛሬ በላ?»

«በላ አኮ። መምህሩ ገዛለት።»

«መምህሩን ይባርከው። ሚስትስ አያገባም?»

«ያገባል። መጀመሪያ 220 ክፍል አለ፤ ከዚያ ሁለተኛው ይጀምራል፤ የእሱ 500ኛው ላይ ያገባል።»

«ሰባት መቶ ሃያ! ልጅቷን እስከዚያ ማን ያስጠብቃታል? ወላጅ የላትም?»

«አባት አላት። ኃይለኛ ነው፤ ደካማ ናት ብሎ ይንቃታል።»

«እስቲ እሱን ንገረኝ» አለች፣ ስኒዋን እያስቀመጠች።

ልጁ ፊልሙን አቆመው። ናሩቶ አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ጡጫው ሳያርፍ ቀረ። ቻርጀር ሊዋስ መጥቶ በር ላይ የቆመው ጎረቤታችን ነው የጮኸው፤ «ኧረ መጀመሪያ ይምታውና!»