በጠዋቱ ጭፈራ

ለላስታዋ ኩልመስክ ሰው እንደ ሳኦ ፓውሎ የሚስማማ ከተማ የለም። የሚስቅብኝ ካለ ሰዓት ያውጣና ይቁጠር። እኛ ቀኑን ከንጋት እንጀምራለን፣ ሌላው ዓለም ከእኩለ ሌሊት፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። ሳኦ ፓውሎ ደግሞ ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስድስቱ በስድስቱ ይጣፋል። ስለዚህ ኩልመስክ ላይ በአገራችን አቆጣጠር ያስተካከልኩት ሰዓት ብራዚል ስወርድ አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም። አጠገቤ ተቀምጦ የመጣው ነጋዴ የእጅ ሰዓቱን ሲያሽከረክር እኔ ጋቢዬን ደርቤ በትዕግሥት ጠበቅሁት።

አዲስ አበባንና ሳኦ ፓውሎን አየር መንገዳችን ያገናኛቸው በሰኔ 2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ በሎሜ በኩል ነበር። ከኩልመስክ ተነስቶ በድልብ፣ በወልድያ አድርጎ አዲስ አበባ መግባት ግን ዛሬም አትላንቲክን ከማቋረጥ ይረዝማል። እናቴ ስትሸኘኝ «ብራዚል አገር ለቆ ለሚሄድ ሰው አትበጅም» አለችኝ። ጃንሆይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የተነሳባቸው ብራዚልን ሲጎበኙ እንደነበር ከአባቷ ሰምታለች። እኔ የምለቀው ዙፋን የለኝም፤ ያለችኝ አንዲት ላም ናት፣ እሷንም አደራ ብያለሁ።

እዚያ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ገና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳንወጣ ፕሮግራሙን ነገረኝ።

«አያ፣ ዛሬ እንወጣለን። ራት ዘጠኝ ሰዓት፣ ጭፈራ ከሌሊቱ አንድ ሰዓት።»

ለሌላ መንገደኛ ይህ መርዶ ነው። እኔ ግን ገላዬ የኩልመስክን ሰዓት አልለቀቀም። ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት ሲል ዓይኔ ተከደነ፤ በእኛ ዘንድ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነውና እራት ተበልቶ መኝታ ነው። ማታ ዘጠኝ ላይ፣ የአገሬ ዶሮ በሚጮህበት፣ ካህናቱ ወደ ደጀ ሰላም በሚወጡበት ሰዓት፣ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ ብድግ አልኩ። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ የከተማው ልጆች በየሶፋው ተዘርረው ሲያንቀላፉ ለእኔ ረፋድ ነበር። «ይሄ ሰውዬ ምን ወስዶ ነው?» ብለው የአክስቴን ልጅ ጠይቀውታል። ምንም አልወሰድኩም፤ ላስታ ነው የተወለድኩት። የገናን ዋዜማ ላሊበላ ላይ በብርድ ቆሞ ያደረ፣ ሲነጋም ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ለማየት የተጋፋ ሰው እግሩ የተፈተነ ነው። ጸሎትን ከዳንስ ጋር አላወዳድርም፤ እያወራሁ ያለሁት ስለ እግሬ ነው።

የምግቡን ነገር ተዉት። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ፌዣዋዳ ነው፤ ጥቁር ቦሎቄ ከአሳማ ጋር ተቀቅሎ የሚቀርብ። በሳኦ ፓውሎ ምግብ ቤቶች ልማድ ደግሞ የሚሠራው ረቡዕና ቅዳሜ ነው። ከሳምንቱ ቀን ሁሉ ረቡዕ! ቅዳሜ ጾሙ ቢለቀኝ አሳማው አልለቅ አለኝ። መጠጡ ይሻላል። ካይፒሪኛ የሚሉት ከሸንኮራ አገዳ የወጣ ካሻሳ ሲሆን ሎሚ፣ ስኳርና በረዶ ይገባበታል። ቀምሼ ዝም አልኩ። አረቄ ናት፤ ለሰርግ የለበሰች አረቄ።

ከፓውሊስታ ጎዳና ወደ መሀል ከተማው የሚወርድ ፍሬይ ካኔካ የሚባል መንገድ አለ። የተሰየመው በ1825 እ.ኤ.አ. በዐመፅ ተከስሶ በጥይት በተገደለ መነኩሴ ነው። ዛሬ መንገዱ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅረኞች ማንንም ሳይፈሩ የሚንሸራሸሩበት በመሆኑ ይታወቃል። ይህን ማንም አልነገረኝም። እኔና የአክስቴ ልጅ እንደ ላስታ ወንዶች ወግ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን፣ ጣት ከጣት ቆልፈን ቁልቁል ወረድን። አላፊ አግዳሚው ፈገግ ይልልናል። ሁለት ሴቶች ቆመው በደስታ እጃቸውን አውለበለቡልን። «እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ሕዝብ ነው!» እላለሁ። የአክስቴ ልጅ ላብ አጥምቆታል።

ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ አየት አድርጎን ጥግ ላይ ወዳለ ጠረጴዛ ወሰደንና ሻማ ለኮሰልን። መብራት ጠፍቶ መሰለኝ፤ ላሊበላ ላይ ሻማ የሚበራው መብራት ሲጠፋ ነዋ። ምግቡ ሲመጣ እንደ ወንድም አጠቀለልኩና አጎረስኩት።

አጨበጨቡ። ጎረቤት ጠረጴዛ ያሉት፣ አስተናጋጁ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ሳትቀር።

«አያ፣ በማርያም ይዤሃለሁ፣ ተው» አለኝ አፉ እንደሞላ።

«ምን አደረግሁ?»

«ፍቅረኛሞች መስለናቸው ነው።»

«ታዲያ የሚያጨበጭቡት ለምንድን ነው?»

«ደስ ብሏቸው።»

እኔ ልሙት፣ በዕድሜዬ ሰው ስላጎረስኩ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም። «እንግዲያው ድገም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ያፋቅራል» አልኩት። ሁለተኛውን ሲውጥ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ጣፋጩ በነፃ መጣ፣ ማንኪያው ሁለት ነበር።

ከዚያ ወደ ጭፈራው። ማርኬስ ጂ ኢቱ በሚባለው መንገድ ላይ አቤሴ ባይላው የተባለ ቤት አለ፤ በዕድሜ ገፋ ያሉ ወንዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው በመደነስ የሚታወቅ። ወጣት የሚጮህበት ቤት አልወድም፤ ይሄ ልኬ ሆነ። ሸሚዛቸውን የተኮሱ፣ ፀጉራቸውን በሥርዓት ያበጠሩ፣ የልጅ ልጅ ሊኖራቸው የሚችል ሰዎች እርስ በርስ ትከሻ ይዘው ቀስ እያሉ ይዞራሉ። አንዱ መጥቶ እንደ ጨዋ ሰው ዝቅ ብሎ ጋበዘኝ። የእነሱን አደናነስ አልችልም፣ እስክስታ መታሁለት። ትከሻዬን አተኩሮ አየና ሊሞክረው ተነሳ፤ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ሳቅን። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፤ ከኢትዮጵያ ስለው «ካፌ!» (ቡና!) አለ፣ አበቃ። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማግባት አለማግባቴን፣ ምን እንደማምን የጠየቀኝ የለም። ኩልመስክ ብሆን እነዚህን ሳልመልስ ውሃ አይቀርብልኝም ነበር።

በዚህ መሀል ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት። ሰዓቱ አንድ ሰዓት ይላል፤ የእሷም አንድ፣ የእኔም አንድ።

«እንዴት አደርክ ልጄ? ምንድን ነው የሚጮኸው?»

«እየጨፈርኩ ነው፣ እማ።»

«በዚህ ጠዋት!»

«እዚህ ጠዋት አይደለም።»

«ሰዓትህ ስንት ይላል?»

«አንድ ሰዓት።»

ዝም አለች። «ከማን ጋር ነው?»

«ከሽማግሌዎች ጋር።»

«ሽማግሌ ካለበትስ ደግ ነው» አለችና ላሚቱ መውለዷን ነግራኝ ዘጋች።

የከተማዋ ሰዎች ይህን ነፃነት ከሰማይ ወርዶላቸው አላገኙትም። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎቹ የኩራት ሰልፍ በ1997 እ.ኤ.አ. ሲጀመር የወጣው ሰው ጥቂት ሺህ ነበር፤ በ2006 ግን ጊነስ ከዓለም ትልቁ ብሎ መዘገበው። ዛሬም ፓውሊስታ ጎዳናን ከዳር እስከ ዳር ይሞላል፤ የሚውለውም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ የካቶሊክ በዓል ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። ብራዚል ገነት ናት ማለቴ አይደለም። ከየትኛውም አገር ይልቅ የትራንስ ሰዎች ግድያ በብዛት የሚመዘገበው እዚያው ነው። ለፓውሊስታ ስልክ ነጣቂማ ወንድና ሴት፣ ምእመንና ኢአማኒ ሁሉም እኩል ነው።

አሁን ወደ ቤታችን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ቶቶ ቱርስ የተባለ የቺካጎ አስጎብኚ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መንገደኞችን ይዞ ኢትዮጵያ ሊመጣ እንደሆነ፣ ላሊበላም በጉዞው እንዳለች ተሰማ። አገር ተነሳ። የሃይማኖት ማኅበራት ተቃወሙ፣ መንግሥት ያግዳቸው ተባለ፣ ለአስጎብኚው የግድያ ዛቻ ጎረፈለት። በዚያው ሰሞን የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያሉ ሰዎችን መበደል እንደ ዘረኝነት በወንጀል ያስጠይቃል ብሎ ፈረደ። በእኛ ሕግ ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 ያሳስራል። የሚመጣ መንገደኛ ይህን አውቆ ይምጣ፤ እኔም አልደብቀውም።

የተቃወሙት የቦታው ቅድስና አሳስቧቸው ነው፤ ይገባኛል፣ እኔም እዚያው ነው የተጠመቅሁት። ዛቻው ግን አልገባኝም። በቤተ መድኃኔዓለም ደጃፍ ሰው ጫማውን አውልቅ ይባላል እንጂ ሌሊት ከማን ጋር እንዳደረ አይጠየቅም። ቢጠየቅማ ከእኛም ብዙዎቻችን ጫማችንን እንደያዝን እንመለሳለን። ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ደግሞ የላሊበላ አልጋ ብዙው ባዶውን ያድራል። በቅሎ አከራዩም፣ አስጎብኚውም፣ ቶርፔዶ ጠጅ ቤት የሚያዜመው አዝማሪም ዓይናቸው ከመንገድ ላይ ነው።

ሳኦ ፓውሎ የምትሄዱ ወገኖቼ፣ ሰዓታችሁን አትንኩት፤ ረቡዕ ፌዣዋዳ አትዘዙ፤ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ አድርጉ። ሽማግሌ ለዳንስ ቢጋብዛችሁ ተነሱ። ወደ ላሊበላ ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ፣ ማንም ይሁን ማን፣ በቅድሚያ እግሩን አጥቡለት።