ራሴን ፍለጋ፣ ከነሽሮዬ

ሰሞኑን በእኛ ኮንዶሚኒየም በብዛት የሚጠፋው ነገር «ራስ» ሆኗል። ድሮ ሻንጣ የሚጎትት ሰው «ወዴት ነው?» ሲባል «ዱባይ፣ ዕቃ ላመጣ» ብሎ ያልፍ ነበር። አሁን መልሱ «ራሴን ላገኝ» ነው። በእናቶቻችን ጊዜ የጠፋ ሰው በሬዲዮ ይፈለግ ነበር፤ ዘንድሮ ደርሶ መልስ ትኬት ይቆረጥለታል።

እኛን የለከፈን ፊልም ነው። ኤልዛቤት ጊልበርት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ትዳሯ ሲፈርስ ጣሊያን ሄዳ በላች፣ ህንድ ሄዳ ጸለየች፣ ባሊ ላይ ፍቅር ያዛት። እ.ኤ.አ. በ2006 መጽሐፍ አደረገችው፤ በ2010 ጁሊያ ሮበርትስ ተወነችበት። ፊልሙን ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና እየጠጣን አየነው። የታችኛው ፎቅ እማማ እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ቆዩና «ለዚህ ነው ይህን ሁሉ አገር የዞረችው?» አሉ። «ፓስታውን እንደሆነ ጣሊያን እዚሁ ትቶልን ሄዷል። ጸሎቱም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በድምፅ ማጉያ አልጋችን ድረስ ይመጣል።» ስለ ፍቅሩ ስንጠይቃቸው ግን «እስቲ በረካውን ቅጂልኝ» ብለው ወሬ ቀየሩ።

እኔም ከሰው አላንስም ብዬ ሁለት ዓመት ቆጥቤ ዛንዚባር ሄድኩ። የውስጥ ሰላም ላገኝ፣ መጽሐፍም ልጀምር። ለመጽሐፉ የሚያምር ደብተር፣ ለሰላሙ ሽሮ፣ በርበሬና ድርቆሽ ያዝኩ። ሦስት ሰዓት ለማይሞላ በረራ! ደሴቲቱ ደግሞ የውጭ አገር ጎብኚን 44 ዶላር የግዴታ ኢንሹራንስ ታስከፍላለች። ወደ ብር ሳባዛው፣ ከቤት ይዣት የወጣሁት ትንሽ ሰላምም ካልኩሌተሩ ላይ ቀረች።

እዚያ «የቅመም ጉብኝት» የሚባል ነገር አለ። ዛንዚባር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛውን የዓለም ቅርንፉድ ታቀርብ ነበርና ዛሬ እርሻውን በክፍያ ያስጎበኛሉ። አስጎብኚው ቅጠልና ፍሬ እየቀነጠበ «አሽትታችሁ ገምቱ!» ይላል። ፈረንጆቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመሰጣሉ። እኔም ጨፈንኩ። የታየችኝ ግን ሙቀጫ ፊት አስቀምጣኝ «ሄሉን ለብቻ፣ ቅርንፉዱን ለብቻ!» የምትል እናቴ ናት። በልጅነቴ ስሸሸው የኖርኩትን ሥራ በዶላር ከፍዬ ሄድኩበት።

ማታ ጀምበር ስትጠልቅ ሁላችንም ለእሷ ጀርባችንን፣ ለስልካችን ፊታችንን ሰጥተን ቆምን። «ከዓለም ርቄያለሁ» ብዬ የለጠፍኩት የሆቴሉን ዋይፋይ ቁጥር ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው። ከዚያማ በየአምስት ደቂቃው፣ መራቄን ማን ማን እንደወደደው ሳይ አመሸሁ።

የባዕድ አገር አየር ጥበብ ያመጣል ለሚሉኝ ሐረርን እጠቅሳለሁ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ሐረር ሲገባ ግጥም እርግፍ አድርጎ ከተወ ዓመታት አልፈውታል። ቡና ነገደ፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ሸጠ፤ ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎችም መሰልቸቱን ነው የሚያማርረው። ዛሬ ደግሞ በስሙ የተሰየመውን ቤት አይተው መንፈሳቸውን ሊያድሱ ሐረር የሚመጡ ፈረንጆች አሉ። አንዱ የተሰላቸበት ሰፈር ለሌላው ገዳም ነው።

ስመለስ እማማ ደረጃው ላይ አገኙኝ። «ታዲያ አገኘሽው?» አሉኝ። አፍሬ አንድ ቋጠሮ ቅርንፉድ ሰጠኋቸው። አሸተቱና «ይሄማ መርካቶ ሞልቶ!» አሉ።

ደብተሩ ላይ ሦስት መስመር ብቻ ተጽፏል፤ ሦስቱም ወጪ ናቸው። ይችን የምታነቧትን ግን ትናንት ሌሊት፣ ውሃ ትመጣለች ብለውን ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ ጻፍኳት። ውሃዋ አልመጣችም።

ለማንኛውም የባሊ ርካሽ ትኬት ያያችሁ ንገሩኝ። ሽሮው እንደሆነ ተርፏል።