ኑዛዜ ዘፋፍሳ

በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር የሐበሻ ቤተሰብ፣ ልጁ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች ዓመት፣ የበጋው ሙቀት ገና ሳይበርድ ሁለት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ግዴታዎች ይወድቁበታል፤ እነርሱም ለኮሌጁ ስለ ልጁ ያለ ኀፍረት መመካት፣ ለመንግሥቱ ደግሞ ስለ ኪሱ ያለ ኀፍረት መናዘዝ ናቸው። እኛ ግን ልጅን በሰው ፊት ማመስገን ዐይን ያስበላል ተብለን፣ ያጣም ሰው ጾሙን ውሎ ጥርሱን እየጎረጎረ ከደጁ ሲወጣ እያየን ያደግን ነንና፣ ነገሩ ከሥር መሠረቱ ተገላብጦብን ነበር።

መመካቱ ቀደመ። ኮመን አፕ የሚባለው ለብዙ ኮሌጆች በአንድነት የሚላክ ማመልከቻ ከ650 ቃላት የማይበልጥ ድርሰት ይጠይቃል፤ እኔም የአባትነት ወጉ እንዳይቀር፣ በመጀመሪያ ልዑል እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎም ወላጆቿን፣ መምህራኗንና የሰንበት ትምህርት ቤቷን በየማዕርጋቸው የሚያመሰግን መግቢያ በቃሌ አስጻፍኋት። ልጄ ጥቂት ጽፋ እጇን አነሣችና፣ «አባዬ፣ አንተ አሜን እስክትል 650ው ያልቃል!» አለችኝ። የትምህርት ቤቷ ካውንስለር የምትፈልገው ልጄ ስለ ራሷ ብቻ እንድትጽፍ ኖሮ፣ በዘጠኝ ዓመቷ በሐኪም ቤት ለእናቷ እንዳስተረጐመች ጻፈች። ድርሰቱ ግሩም ነበረ፤ ነገር ግን ባለቤቴ ተተርጉሞ በተነበበላት ጊዜ ያስደነቃት የልጇ ብልሃት ሳይሆን የራሷ ገመና መውጣት ነበርና፣ «እንግሊዝኛ አትችልም ብለሽ ለስንት ኮሌጅ ነው የላክሽብኝ?» አለቻት።

ኑዛዜው ግን ከዚህ የከበደ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1965 የከፍተኛ ትምህርትን ሕግ ከፈረሙ ወዲህ መንግሥት ለተቸገረ ተማሪ እጁን ይዘረጋል፤ በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም የሚጠራው፣ የማይመለሰው ርዳታ፣ በ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል። ይህን የሚሻ ሁሉ ፋፍሳ የተባለውን ቅጽ መሙላት አለበት፤ ቅጹም የዛሬን ችግር ትቶ፣ ለ2026 መግቢያ የ2024ን ገቢ ይመረምራል። ልጄ በእኔ ስም፣ እኔ በአባቴ ስም፣ ባለቤቴም በአባቷ ስም የምንጠራ ስለሆነ፣ ከአንድ ማዕድ የምንበላው ሦስታችን በቅጹ ላይ እንደማይተዋወቁ መንገደኞች ተሰለፍን።

ከዚህ በኋላ በተፈረመበት ዕለት በባንክ ያለው ገንዘብ ስንት እንደ ሆነ የሚጠይቀው መስመር ደረሰ። እቁባችን የወጣልን ደግሞ በዋዜማው ነበረ።

«ይህ ገንዘብ የኛ ነው እንዴ?» አለች ባለቤቴ፤ «ገና ዓመቱን ሙሉ የምንጥለው ዕዳ እኮ ነው!»

«ማሚ፣ ዕዳ አይጠይቅም። ያለሽን ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

«ለእናቴ በየወሩ የምልከውስ?»

«እሱንም አይጠይቅም።»

«ታዲያ ካልጠየቀ ምኑን አውቆ ነው የሚረዳን?»

ይህ ጥያቄ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዋሽንግተን ያሉ ሊቃውንትም የሚመልሱት አይደለም። እቁቡ እንዳለ ተጻፈ።

አያቴ ቅኔ ሊማሩ ወደ ዋሸራ በወረዱ ጊዜ፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ በየደጃፉ ቁራሽ ሲለምኑ፣ የአባታቸውን የበሬ ቁጥር የጠየቃቸው አልነበረም፤ ከውሻ በቀር የመረመራቸውም የለ። ልመናው የትምህርቱ አካል ነበርና፣ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን የቤቱን ጎተራ ሳያነሣ አብሮ ይለምን ነበር። እንዲህ ስል የጥንቱን ከዘመኑ አብልጬ አይደለም፤ ፋፍሳ ቢያንስ አይናከስም።

ቅጹ ተልኮ ሲያበቃ የቤተሰብ ዐቅም በቁጥር ይመዘናል፤ ቁጥሩም ዝቅ ባለ መጠን ርዳታው ከፍ ይላል። ዜሮ መጨረሻው መስሎኝ ነበር፤ ዳሩ ግን እስከ ነጌቲቭ 1,500 ይወርዳልና፣ ከምንም በታች ያለው ጥልቅ እንኳ በሕግ ወለል የተበጀለት መሆኑን ሳይ የአሜሪካንን ሥርዐት አደነቅሁ። የኛው ግን ከዜሮ እጅግ በላይ ሆኖ ወጣ። ባለቤቴ ርዳታው በመቅረቱ ከልቧ አዘነች፤ ሆኖም መንግሥት ራሱ «እናንተስ ደህና ናችሁ» ብሎ ስለመሰከረላት፣ በኀዘኗ መካከል ቀና ብላ መቀመጧን አስተውያለሁ።

በጸደይ የኮሌጆቹ ደብዳቤ መጣ፤ ከስጦታዎቹም መካከል 5,500 ዶላር ብድር፣ ሳይጠራ ወደ ሰርግ እንደ ገባ ሰው፣ ከባለ ወጎቹ ጋር ተደርድሮ ተቀምጧል። እኔ ብድሩን ለይቼ ስደምር ሳመሽ፣ ባለቤቴ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በዚያም አንዲት ጎረቤታችን የተሰጠንን ገንዘብ ልክ ጠየቀቻት። ለፌዴራል መንግሥት የእቁቧን ሳንቲም ሳይቀር የዘረዘረችው ሴት፣ «ኧረ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እሷ እኮ ምንም አታውቅም፣ ዝም ብሎ ነው የደረሳት» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች። «የኛም ያው ነው፤ ሰነፍ ነው፣ ሲተኛ ነው የሚውለው» አለች ጎረቤታችን። ልጇ ሙሉ ስኮላርሺፕ ማግኘቱን የሰማነው ከሌላ ሰው ነው።