ጢስ ዓባይ ደርሶ መልስ፦ መጠነኛ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ከባሕር ዳር ተነስቶ፣ ጢስ ዓባይን አይቶ፣ በዚያው ቀን መመለስ ብዙ ሰው ያደረገው፣ ማንም ግን በቅጡ ያላጠናው ተግባር ነው። ስለ ወንዙ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ፏፏቴውም እንዲሁ። ጠዋት የታሸገ ውሃ አንጠልጥሎ ወጥቶ ማታ እስከ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ስለሚመለሰው ሰው ግን ሊቃውንቱ ዝምታን መርጠዋል። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የተነሳ ነው።

የጥናቱ ወሰን ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ከዚያ የሚቀጥለው የእግር ጉዞ፣ ወንዙን የሚያሻግረው የሞተር ጀልባና ማታ ጣና ዳር የሚበላው አሳ ነው። ጠዋት የዘጌን ገዳማት በጀልባ ዞረው ከሰዓት ፏፏቴውን የሚያዩ ሰዎች በጥናቱ አልተካተቱም፤ እነሱ ለመናገር አቅም አልነበራቸውም። መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ፣ በቃለ መጠይቅና ጥላ ሥር በመቀመጥ ነው። ከሦስቱ ብዙ ያስገኘው ሦስተኛው ነው፤ ጥላ ሥር የተቀመጠን ሰው ማንም አይጠረጥርምና።

የቀደሙ ጥናቶች ቅኝት

በመስኩ ሁለት አንጋፋ አጥኚዎች አሉ። የመጀመሪያው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጣው የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ካህን ጄሮኒሞ ሎቦ ነው። ሎቦ ከሚወርደው ውሃ ጀርባ ገብቶ እንደተቀመጠ፣ በውሃው መጋረጃም ውስጥ ቀስተ ደመና እንዳየ ጽፏል። ሁለተኛው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ወንዙ በዝናብ ሞልቶ ነበር። ያንን ውሃ አይቶ ከሥሩ ሰው ይቀመጣል ማለት ዓይን ያወጣ ውሸት ነው ሲል በካህኑ ላይ ፈረደ።

ፍርዱን ሰጥቶ ሲያበቃ ወደ ልኬት ገባ። ረጃጅም እንጨቶችን አቁሞ ካሰላ በኋላ ከፍታው 40 ጫማ ያህል ነው አለ፤ ይኸውም 12 ሜትር ገደማ ነው። ስፋቱን ደግሞ ከግማሽ የእንግሊዝ ማይል በላይ አደረገው። ዛሬ እንደሚታወቀው ገደሉ 40 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ ስፋቱም ክረምት ጢም ሲል እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። ብሩስ ከፍታውን ወደ ሲሶ አውርዶ ስፋቱን እጥፍ አድርጎታል ማለት ነው። እውነተኛነትን በተመለከተ ግን ጥብቅ ሰው ነበር።

የእኛ መላምት ሁለቱም አልዋሹም የሚል ነው፤ የመጡት በተለያየ ወር ነው። አንድ የሰፈሩ አስጎብኚ አብሯቸው ቢሆን ኖሮ ጠቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር ባበቃ ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ኋላ ይመጣል።

የዋዜማው ዝግጅት

ደርሶ መልሱ የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ተጓዡ መኪና ይዋዋላል፣ ዋጋ ይከራከራል፣ «ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ሹል» ይባባላል፤ ሁለት ሰዓት ላይ ለመነሳት። ከዚያም ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ይተኛል። አንባቢ ስልኩ መሰካቱን እንዲይዝልን እንጠይቃለን።

ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የመጣ ተጓዥ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ይህ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ሲሻገር ዓባይ በረሃን አቋርጧል። በረሃው ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ነው፤ ጢስ ዓባይ ላይ የሚታየው ሸለቆ የዚሁ ወንዝ የመጀመሪያ ልምምድ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተጓዡ ግን ትልቁን ገደል መጋረጃ ጋርዶ፣ ሎሚ እያሸተተ ወይም እያንኮራፋ በነጻ አልፎ፣ ትንሹን ለማየት በማግስቱ ቲኬት ይቆርጣል። ከዚህ የምንረዳው ገደል ገደል የሚሆነው አስጎብኚ ሲኖረው መሆኑን ነው።

አስጎብኚው

አስጎብኚው የሚገኘው ጢስ ዓባይ ከተማ፣ ከቲኬት መቁረጫው አጠገብ ነው። ዱላ ይይዛል። ዱላው ለማመልከቻ አይደለም፤ ለማመልከቻ አገጭ አለው። ርቀትን የሚለካው በሦስት መለኪያ ነው። «እቺው ናት» ካለ ገና ነው። «ደርሰናል» ካለ እኩሌታው ተገባዷል። ዝም ካለ ደርሰዋል። «አይዞዎት እትዬ፣ እቺው ናት» ሲል የሰሙ አንዲት እናት ቃሉን አምነው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱ፤ በኋላ ላይ ሲጠየቁ ልጁ ጨዋ እንደሆነ ብቻ መስክረዋል።

ቁልቁለቱ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ከተሠራው የድንጋይ ድልድይ ያደርሳል። አላታ ድልድይ ይባላል፤ የፖርቱጋል ድልድይ የሚለው ይበዛል። እዚህ ላይ ዓባይ ጥንት እሳተ ገሞራ ባፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ መሐል በጠባብ ስንጥቅ ተጨንቆ ያልፋል። 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሰፋ ሐይቅ የወጣ ወንዝ በዚህች መሽሎኩ ጎብኚውን ለጥቂት ጊዜ ዝም ያሰኘዋል። ዝምታውን የሚሰብረው አስጎብኚው ነው፤ የድልድዩ ኖራ በእንቁላል እንደተቦካ ይናገራል። ጥናቱ የእንቁላሉን ብዛት ለማጣራት ሞክሯል። ቁጥሩ እንደ ጎብኚው የመደነቅ አቅም ስለሚጨምርና ስለሚቀንስ አማካዩን ማውጣት አልተቻለም።

የተጓዦች አመዳደብ

ከድልድዩ ወዲያ አቀበት ነው፤ ተጓዦች በመደብ የሚለዩትም አቀበት ላይ ነው። አንደኛው መደብ ፈረንጅ ነው። ሁለት የብረት ምርኩዝ፣ ሰፊ ኮፍያና ለበረዶ ተራራ የተሠራ ጫማ ይዟል። ሁለተኛው ዳያስፖራ ነው። ነጭ ጫማ አድርጓል፤ ገደሉን ሲያይ ዕንባ ያቀርራል፣ ጫማውን ሲያይ ደግሞ ዕንባው ይፈስሳል። ሦስተኛው የተማሪዎች ቡድን ነው። ከበሮ የያዘ አለ፣ ስፒከር የተሸከመ አለ፣ ውሃ የያዘ የለም። አራተኛው አዲስ ተጋቢ ነው። ሙሽራዪቱ በታኮ ጫማ ትወጣለች፣ ሚዜው ከኋላ ቬሎ ይሰበስባል፣ ባል ደግሞ «እኔ ጣና ዳር ይብቃን ብዬ ነበር» እያለ ለማይሰሙት ይናገራል።

እነዚህ ሁሉ አረፍ ብለው ሲያለከልኩ አንድ ባላገር በኮንጎ ጫማ፣ በግ በትከሻው ይዞ ከኋላ ይደርስባቸዋል። ከእሱ ቀጥላ ጀሪካን ያዘለች ሴት ትመጣለች። «እንደምን ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ፣ አይዟችሁ» ብለው ያልፋሉ፤ ተጓዦቹ አየር ስበው መልስ እስኪሰጡ ድረስ ሰዎቹ ጉብታውን ዞረዋል። ድልድዩና አቀበቱ ለእነሱ የገበያ መንገድ ነው። ጥናቱ እነዚህን ሰዎች ከየትኛው መደብ እንደሚጨምራቸው ተቸግሯል፤ ቲኬት አልቆረጡም፣ ፎቶ አላነሱም፣ አልደከማቸውምም።

ልዩ ትኩረት የሚሻው ንዑስ መደብ ሕፃኑ ነጋዴ ነው። ፎጣ፣ ቅልና ዋሽንት ይሸጣል። «ጋሼ ይግዙኝ» ሲል ተጓዡ «ስመለስ» ይለዋል። ተጓዡ ይህ ውል በየትኛውም ፍርድ ቤት የማይጸና መስሎት ልቡ ይረጋል። መመለሻው በሌላ በኩል፣ ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ መሆኑን ሲሰማ ጭራሽ ደስ ይለዋል። ልጁ ግን ይህን ከእሱ በፊት ያውቅ ስለነበር ጀልባው መነሻ ላይ ዋሽንቱን ይዞ ቀድሞ ይጠብቀዋል።

ዋናው ግኝት

አሁን ከፏፏቴው ፊት ደርሰናል። በጥር የመጣ ጎብኚ ሰፊ ጥቁር ገደልና በአንድ ጥጉ ነጭ ክር የመሰለ ውሃ ያያል። አስጎብኚው ጉሮሮውን ጠርጎ «ነሐሴ ላይ ብትመጡ ኖሮ!» ይላል። በነሐሴ የመጣው ውሃውን በጆሮው ያገኘዋል፤ በዓይኑ የሚያየው ጭሱን ነው፣ ጫማውንም ጭቃ ውጦታል። ለእሱ የሚነገረው «ጥቅምት ላይ ብትመጡ ኖሮ፣ ጠርቶ፣ ቀስተ ደመናው ወጥቶ!» የሚል ነው። በጥቅምት የመጣውስ? «ዘንድሮ ክረምቱ ቶሎ ወጣ፤ አምና ብትመጡ ኖሮ!»

ከእነዚህ መረጃዎች ተነስቶ ጥናቱ የሚከተለውን ሕግ ያወጣል፦ ፏፏቴው ጎብኚው ካለበት ወር በስተቀር ሁልጊዜ አለ።

የሕጉን ምክንያት ከዝናብ ብቻ መፈለግ አያዛልቅም። በ1964 እ.ኤ.አ. ከፏፏቴው አጠገብ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ውሃው ገደሉን ከመዝለሉ በፊት በቦይ ተጠልፎ ተርባይን ያዞር ጀመር። በ1996 ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጫራ ጫራ የውሃ መቆጣጠሪያ ግድብ ተሠራ። በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ገደማ አቅም ያለው ሁለተኛው ጣቢያ ተጨመረ። በ2010 የተመረቀው 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ስቦ ወደ በለስ ስለሚልከው ያ ውሃ ጢስ ዓባይ የሚባል ቦታ መኖሩንም ሳያውቅ ይሄዳል። (እነዚህ ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ዋዜማ ማታ የተሰካውን ስልክ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። በአገሪቱ የኃይል መረብ ውስጥ የገባን መብራት የትኛው ከየትኛው ጠብታ እንደመጣ መለየት አይቻልም፤ ሆኖም ፏፏቴውን ለማንሳት የተሞላው ባትሪ ከፏፏቴው የተቆረሰ ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ማንም አይክድም። ጎብኚው ገደሉ ጫፍ ቆሞ፣ ስልኩን ዘርግቶ፣ «ውሃውን የት ወሰዱት?» እያለ አስጎብኚውን ያፋጥጣል። አስጎብኚው ስልኩን አይቶ ዝም ይላል። ጨዋ መሆኑ ቀደም ሲል ተመስክሯል።

ሙሉውን ፏፏቴ በአሥራ ሦስቱም ወር ማየት የሚቻልበት አንድ ቦታ ነበር፤ እሱም በ1969 ዓ.ም. የወጣው የ1 ብር ኖት ጀርባ ነው። እዚያ ላይ ውሃው አይጎድልም፣ ጭቃ የለም፣ አስጎብኚም አያስፈልግም። ኖቱ በእጅ ብዛት ሲደበዝዝ ውሃው እንኳ አልቀነሰም። ይሁንና በ2002 ዓ.ም.፣ ጣና በለስ በተመረቀበት ዓመት፣ 1 ብር ሳንቲም ሆነችና ፏፏቴው ቀስ በቀስ ከኪሳችንም ወጣ። ጥናቱ የሁለቱን መገጣጠም ይመዘግባል እንጂ ምክንያትና ውጤት ናቸው አይልም፤ እንደ ብሩስ ፈጥኖ መፍረድ አይወድም።

የሕጉ መገልበጥ

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ በተባባሰው ግጭት የተነሳ የደርሶ መልሱ የመጀመሪያ ጥያቄ ዋጋ መሆኑ ቀርቶ «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» ሆኗል። ጎብኚውም ተመናመነ። በዚህ ጊዜ አጥኚው ያልጠበቀው ነገር ታየ። ነሐሴ ላይ ውሃው እንደ ወጉ ይመጣል፤ የቀረው ሰው ነው። አስጎብኚው ስለ ውሃው ይናገረው የነበረውን አሁን ስለ ጎብኚው ይናገረዋል። «ያኔ ብትመጡ ኖሮ፣ ጀልባው በወረፋ ነበር!» ይላል ለብቻው ለመጣው እንግዳ። ዋሽንት ሻጩም የ«ስመለስ» ውል የሚገባለት ሰው አጥቶ ዋሽንቱን መንፋት ለምዷል።

ውሃ ሲጎድል ወቀሳውን የሚቀበለው፣ ሰው ሲጎድል ኪሳራውን የሚሸከመው ያው አንድ ሰው መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ተርባይኑን አላስገባም፣ ግጭቱን አላስነሳም፤ ከገደሉ ፊት ቆሞ ማስረዳት ግን የእሱ ሥራ ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ በቲኬቱ ላይ ጎብኚው የመጣበት ቀን ብቻ ሳይሆን ያመለጠው ወርም ይጻፍ፤ ቅሬታ ሲነሳ ማስረጃ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ በየሆቴሉ ከሶኬቱ በላይ «ነገ ሄደው የሚያዩት ይህ ሊሆን ይችላል» የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ።

ሦስተኛ፣ አቀበቱ ላይ «እቺው ናት» የሚለው መለኪያ ወደ ሜትር አይቀየር። ተጓዡ እውነተኛውን ርቀት ቢያውቅ ኖሮ ከድልድዩ አያልፍም ነበር።

አራተኛውና ዋናው፣ ቀጣዩን ጥናት አስጎብኚው ይምራ። ሎቦ አንዱን ወር አየ፣ ብሩስ ሌላውን፤ ሁለቱም መጽሐፍ ጽፈው ስም አተረፉ። ጳጉሜን ሳይቀር አሥራ ሦስቱንም ወር ከገደሉ ፊት ቆሞ ያየው አስጎብኚው ነው፤ ምርቃት ግን ያገኘው ጉርሻ ከሚሰጡ እናቶች ብቻ ነው። ስለዚህ ዋና ተመራማሪ ተብሎ ይሾም፣ በቀን ውሎ አበል ይታሰብለት፣ እንግዳ ባልመጣበትም ቀን ይከፈለው። አበሉ ግን ከሰኔ 30 በፊት መውጣት አለበት። ቀኑ ካለፈ ሒሳብ ክፍሉ ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ «ምነው በጀቱ ሳይዘጋ ብትመጣ ኖሮ!» ማለቱ አይቀርም።