ወደ ሐረር የሚሄዱ ሰዎች በድሬዳዋ ስለሚያሳዩት ጠባይ፦ መነሻ ጥናት

የድሬዳዋ ጎብኚ በሳይንስ ዓይን ሲመረመር አንድ መለያ ጠባይ አለው፤ ድሬዳዋን ሊጎበኝ አልመጣም። ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ሻንጣውን ያነሳል፣ «የሐረር መኪና የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የጥናታችን ጥያቄም ከዚህ ይነሳል፦ ታዲያ ይህ ሰው ማታ በከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ምን ይሠራል?

ነገሩ ታሪካዊ መሠረት አለው። ከተማዋ ራሷ የሌላ መንገድ ውጤት ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው አላስወጣ ቢል በ1895 ዓ.ም. እዚሁ ሜዳ ላይ ቆመ። ሰፈሩንም «አዲስ ሐረር» አሉት። ባቡሩ አዲስ አበባ ለመድረስ ሌላ 15 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ሊቃውንቱ ምክንያቱ የገንዘብ እጥረትና የመንግሥታት ሽኩቻ ነው ይላሉ። አንክድም፤ ሠራተኞቹ ጥላ አግኝተው እንደነበር ግን ከግምት ይግባልን። የዛሬው ባቡር ጣቢያ ከከተማው ወጣ ብሎ መሠራቱም ካለፈው ትምህርት የተወሰደ ጥንቃቄ ይመስለናል።

ከዚህ የቀደመ ማስረጃም አለ። በከተማው ዳር ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ሰዎች ቀይ አፈር ይፈጩ ነበር፤ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ቢያንስ ለ4,500 ዓመታት። ሲያልፉ አረፍ ያሉ መሆን አለባቸው።

መስህብን በተመለከተ ሐረር የገጣሚው የራምቦ ቤት አላት፤ ድሬዳዋ የላትም። ገጣሚው የሞተው ከተማዋ ከመቆርቆሯ 11 ዓመት አስቀድሞ ስለሆነ ይህን ጉድለት የትኛውም መሥሪያ ቤት እስካሁን ሊያርመው አልቻለም። ተፈጥሮን የሚሻ ከዚራንና መጋላን የሚለየውን ደቻቱን ይመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ የሚፈስበት ወንዝ ነው። በ1998 ክረምት ግን ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ጨርሷል፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለንም።

ወደ መስክ ምልከታችን እንለፍ። ናሙናችን ባለ ብዙ ኪስ ሱሪ የለበሰ፣ ካሜራ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ነው። ረፋድ ላይ ቀፊራ ገበያን ዞሮ፣ በሩን ፎቶ አንስቶ፣ 6 ሰዓት ላይ መኪና ፍለጋ ወጣ። ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው። ሽርጥ ያገለደመ የማያውቀው ሰው ከጥላ ሥር፣ «አንተ! ምን ፀሐይ ላይ ገተረህ? ና ቁጭ በል አቦ!» አለው። ጎብኚው ዶክተር ነው፤ ከተመረቀ ወዲህ «አንተ» ያለው ሰው የለም። ዞር ብሎ ሌላ ሰው ተጠርቶ እንደሆነ አጣራ፤ የተጠራው እሱው ነው። ተቀመጠ። ቀዝቃዛ ውሃ መጣ፣ ሙሸበክ ተከተለ፣ ጥያቄው ቀጠለ፦ የማን ልጅ ነህ? ስንት ወለድክ? ደመወዝህ ይበቃሃል? ዶክተሩ ለሚስቱ ያልነገረውን ተናገረ። 10 ሰዓት ላይ ስለ ሐረር ሲጠየቅ፣ «የት አባቷ ትሄዳለች!» ሲል ተሰማ። ካሜራው ከቀፊራ በኋላ አልተከፈተም።

በዚህ የተነሳ የሚከተለውን እናሳስባለን። ሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። መድረስ የቆረጠ ጧት 12 ሰዓት ላይ ከድሬ ይውጣ፤ ቀትር ድረስ የቆየ ግን የማደሪያ ብር ይያዝ።