ስለ አመራርና ፈጠራ የቀረበ ምስጋና

ሰው ከሆስፒታል ሲመለስ ማማረር ልማዱ ነው። እኔ ግን ብዕር ያነሣሁት ላመሰግን ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውዬ፣ በአመራሩም በፈጠራውም ተደንቄ ተመልሻለሁ። በተለይ በፈጠራው። እንዲያ ያለ ፈጠራ ልቦለድ ውስጥ እንኳ አላነበብኩም።

የሄድኩት አጎቴን ይዤ ነው። ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ፣ አገር ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸዋለሁ። ፕሮስቴታቸው አብጦ ሽንት ከከለከላቸው ሁለት ወር አልፏል። በጋቢያቸው ሥር ቱቦ ከነከረጢቱ ታጥቀዋል፤ ሲቀመጡ ከረጢቱን እንደ ዳዊት ማኅደር ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉታል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ሌላ ሕመም የለባቸውም፤ የሚነገራቸውን ሁሉ ሁለት ጊዜ ከመስማት በቀር።

ካርድ ክፍል ደረስን። ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ሲስተም የለም» አለች።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ የኔታ። «እኔ ይህን ስናገር አፍህን ያዝ እባላለሁ፤ አንቺ በመስኮት ትናገሪዋለሽ!»

ኔትወርክ ተቋርጦ እንደሆነ በጆሯቸው ነገርኳቸው። በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ ከኋላችን መጥቶ፣ ስልኩን ለዘበኛው አቀብሎ አነጋግሮት፣ በጓሮ በር ገባ። የኔታ በዓይናቸው ሸኙት። «ኔትወርኩስ አለ» አሉ።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሥራው አልቆመም። የጤናው ዘርፍ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ «የመረጃ አብዮት» የሚባል አጀንዳ ይዟል፤ አብዮቱ እዚህም ደርሶ ወረቀትን አስወግዷል። ስለዚህ ልጅቱ ከመሳቢያዋ ወፍራም መዝገብ አወጣችና በእስክሪብቶ ጻፈችን። ማታ ሲስተሙ ሲመለስ ወደ ኮምፒውተሩ ትገለብጠዋለች። አንዱ ሥራ ሁለት ሆነ፤ ምርታማነት እጥፍ አደገ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከፊት ለፊታችን ያለው ሰሌዳ ለብቻው የሥራ አመራር ለውጦች ሙዚየም ነው። ቢፒአር ከታች፣ ቢኤስሲ በላዩ፣ ካይዘን በሁለቱም ላይ ተለጥፏል፤ ጥጉ ሲገለጥ የዱሮው ብቅ ይላል። የተነሣ የለም፣ ሁሉም የተጨመረ ነው። ከጎኑ «የተገልጋይ እርካታ» የሚል ቀስት ሽቅብ ይወጣል፤ ኮርኒሱን ሊነካ ትንሽ ቀርቶታል። ስንረካ ማን አይቶን ማን እንደጻፈው አላውቅም። ፈጠራ ያልኩት ይህን ነው።

ካይዘን ከጃፓን መጥቶ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ከተቋቋመለት ወዲህ «አምስቱ ማዎች» ያልተለጠፉበት መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡት ጀመር፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት እያሉ እስከ ማዝለቅ።

«ማስቀመጡ ላይስ በርትተዋል» አሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርን። «ግን ዋናዋን ማ ረስተዋታል።»

«የትኛዋን?»

«ማ ይጠየቅ?»

መድኃኒት ቤት ላይ ኩራታቸውን ከኪሳቸው አወጡ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታወቂያቸውን። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ብዙ ገበሬ ተጠራጥሮ ነበር። የኔታ ግን ወረዳቸው እንደደረሰ መዋጮውን ከፍለው የገቡ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም አንድ ዓመት አላጓደሉም። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን አየና «የለም፣ ከውጭ ግዙ» አለን።

«መድን አለኝ፤ የጎደለኝ መድኃኒት ነው» አሉ፣ ወደ በሩ እየሄድን። ደረጃው ላይ ቆም አሉ። «የሚገዙን እዚሁ፣ የምንገዛው ውጭ! ለካ ትልልቆቹም ሲያማቸው ባሕር ማዶ የሚሄዱት ይህንኑ ትእዛዝ አክብረው ነው።»

ሰው ያዳምጠን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። የሚያዳምጠን ሁሉ በሽተኛ ነበር።

በምሳ ሰዓት ሕመማቸውን መጀመሪያ ያወቀው ማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሐኪም መስሎኝ ነበር። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በላስቲክ ጫማ፣ ማኅደሯን በብብቷ ይዛ መጥታ ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ስታስረዳ ቆይታ፣ «የኔታ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሣሉ?» አለቻቸው። ሚስታቸው ጠይቀዋቸው የማያውቁትን። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ነገሩ ይኸው ነበር፤ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች፣ አንድ ዓመት አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቆርጦ፣ 16 ፓኬጅ አስይዞ፣ ቤት ለቤት በእግር መላክ። ዛሬ ከ30 ሺህ በላይ ናቸው። ከሌላ አገር ድረስ ሰው መጥቶ አይቷቸዋል።

«አንድ ጊዜ ብቻ የሰማሁት ንግግር የሷን ነው» አሉ የኔታ፣ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ።

ከሰዓት ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ገባን። ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ፣ ዓይኑ ደም የለበሰ ልጅ ነው። በጥንቃቄ መረመራቸው፣ ይቅርታ ጠየቃቸው፣ ከዚያም ያቺን ቃል ተናገረ፤ «አልጋ የለም።» የኔታ ልጁን በአዘኔታ ተመለከቱት። ጋቢያቸውን ሰብስበው እንዲህ አሉት፤

አልጋ የለም ቢባል፣ መሬት ይብቃው ጎኔ፤
የተኛበት ሳይድን፣ ማን ይነሣል ለ'ኔ።

ልጁ እንደ ደንቡ ፈገግ አለ። ቀጠሮ ወረቀቱን እየጻፈ መሃል ላይ እጁ ቆመ። ቀና ብሎ በተከፈተው በር የኮሪደሩን ጫፍ አየ፤ ከዚያ አቀርቅሮ ጽሕፈቱን ጨረሰ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ነው። አቤት ልንል ሄድን። በሩ ላይ «አመራር» ከሚለው ጽሑፍ «አ» ተልጣ ወድቃለች፤ ማንም አላስተካከላትም፣ ትርጉሙም አልተበላሸም። ጥበቃው አመራሩ በሙሉ ቢሾፍቱ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረን።

«ስለ ምን ይሆን ስብሰባው?» አልኩት።

«ስለ አልጋ።»

«እሱስ መቼም ስለ አልጋ ነው» አሉ የኔታ።

ታክሲ ውስጥ ወረቀቱን ገልጬ አየሁት። ያኔ የካቲት ነበር። ቱቦው በየወሩ እየተቀየረ ይቆያል፤ የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሰኔ 30 ነው። የሆስፒታሉ የዓመት ሪፖርት የሚዘጋውም በዚያው ዕለት ነው።