ምስጋና ለረድ ጀግኖች

አልሐምዱሊላህ፣ ዲናችን እንደዚህ ዘመን ብዙ ጠባቂ አግኝቶ አያውቅም። ጠባቂዎቹ ሌሊት እንኳ አይተኙም። ከዒሻ በኋላ ስልካችሁን ብትከፍቱ አንዱ ኡስታዝ በሌላው ኡስታዝ ላይ ያደረገውን ረድ፣ ማለትም የማስተባበያ ንግግር፣ ታገኛላችሁ። ለሱብሒ ስትነሱ የረዱ መልስ ደርሷል። ዙህር ላይ የመልሱ መልስ ይለቀቃል። ርዕሱም ልብ ያንጠለጥላል፦ «የእገሌ እውነተኛ ገጽታ ሲጋለጥ፣ ክፍል 14»። የተፍሲር ደርሳቸው ሱረቱል በቀራ ላይ ከቆመ ሁለተኛ ረመዳኑን ይዟል፤ የረዱ ተከታታይ ግን አንድም ሳምንት አልተቋረጠም። እንዲህ ያለ ትጋት ሳይመሰገን ቢቀር ነውር ነው።

የመጀመሪያው ምስጋና ጊዜ ስለቆጠቡልን ይሁን። በወሎ የዒልም መንደሮች አንድ ደረሳ ፊቅሁን ከአንዱ ሸይኽ፣ ነሕውን ከሌላው፣ ተፍሲሩን ከሦስተኛው ዘንድ ሲቀራ ጺሙ ይሸብት ነበር። ይህን ሁሉ ቀርቶም ሰው መስአላ ይዞበት ሲመጣ «ኧረ ሸይኻችን እያሉ!» ብሎ ይሸሻል። አሁን ይህ ሁሉ መንከራተት ቀርቷል። ደህና ማይክራፎን፣ ከጀርባ የሚታይ የኪታብ መደርደሪያ፣ ረድ የሚደረግበት አንድ ስመ ጥር ሰው፤ በቃ፣ ዳዒ ተወለደ። ኪታቦቹ ከላስቲካቸው ባይወጡም ግድ የለም። ሦስተኛው ግን የግድ ነው፤ ስም የሌለው ሰው በአንድ ሌሊት ስም የሚያገኘው ስም ያለውን ሲያወርድ ነውና።

ኢማሙ ማሊክ መዲና ላይ 48 ጥያቄ ቀርቦላቸው ለ32ቱ «አላውቅም» ብለው መለሱ ተብሎ ይወራል። አላህ ይዘንላቸው፣ ቀጥታ ስርጭት አልነበረባቸውም። የኛዎቹ ስለ ክትባት፣ ስለ ክሪፕቶ፣ ስለ ምርጫ፣ አልፎም እገሌ ያን ንግግር ሲናገር በልቡ ስለያዘው ኒያ ይጠየቃሉ፤ እስካሁን የተቸገሩበት ጥያቄ አልተሰማም።

ሁለተኛው ምስጋና ጀርህ ወተዕዲል የሚባለውን ከባድ ዕውቀት ከኪታብ አውርደው ለየሰፈሩ ስላዳረሱ ነው። ቀደምቶቹ በዚህ ዕውቀት የሐዲስ አስተላላፊን እውነተኛነትና የማስታወስ ችሎታ ይመረምሩ ነበር፤ ሲመረምሩም የሚያዳሉለት ሰው አልነበራቸውም። የሐዲስ ሊቁ ዐሊይ ኢብኑል መዲኒ ስለ ገዛ አባታቸው ሲጠየቁ «ሌላ ሰው ጠይቁ» አሉ። ጠያቂዎቹ እምቢ ሲሏቸው አንገታቸውን ደፍተው ቆዩ፤ ከዚያ ነገሩ ዲን ነውና አባታቸው በሐዲስ ደካማ መሆናቸውን ተናገሩ። በ256 ሂጅራ ያረፉት ኢማሙ ቡኻሪ ደግሞ አንድን ሰው ክፉኛ ሲነቅፉ እንኳ «ሰዎች ስለ እርሱ ዝም ብለዋል» ብለው ያልፉ ነበር፤ የሙያው ሰዎች ምቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያውቁታል። ምን ያደርጋል፣ እንዲህ ያለ ነቀፌታ ለዩቲዩብ ርዕስ አይሆንም።

ኡስታዞቻችን ዕውቀቱን አሻሻሉት። ዛሬ ምርመራው የሚያተኩረው ማን ከማን ጋር ሻይ እንደጠጣ ላይ ነው። ያኛው ከእገሌ ጎን ተቀምጦ ፎቶ ከተነሳ ሙብተዲዕ ነው፤ ካልሆነም ሙመይዕ (ዲንን የሚያላላ) ነው፤ እርሱን ያልነቀፈውም አብሮ ይሄዳል። የኛው ሰው ከዚያው እገሌ ጋር ምሳ ሲበላ ከተገኘ ግን ለዳዕዋው መስለሓ ብሎ ነው። ከባሕር ማዶ ሸይኽ የመጣች የአንድ ደቂቃ የተዝኪያ (የመልካምነት ምስክርነት) ድምፅ ለአሥር ዓመት ታገለግላለች፤ ሸይኹ በኋላ ሐሳባቸውን ከቀየሩ እሳቸውም ረድ ይደረግባቸዋል። ኢብኑል መዲኒ ከአባታቸው ጀመሩ። የኛዎቹ ከጎረቤት መስጂድ ጀምረው እዚያው ይጨርሳሉ።

በ748 ሂጅራ ደማስቆ ያረፉት ኢማሙ ዘሀቢ የስንቱን አስተላላፊ ታሪክ ሲያበጥሩ ኖረው አንድ መርህ ትተውልናል፦ በአንድ ዘመን የኖሩ እኩዮች አንዱ ስለሌላው የሚናገረው ክፉ ቃል፣ ይልቁንም ቅናት ወይም ጠብ ከሸተተበት፣ ቦታ አይሰጠውም። ይህ መርህ ነገ ሥራ ላይ ቢውል ስንት ቻናል እንደሚዘጋ አስቡት። ባለው ሥራ አጥ ላይ ሌላ ሥራ አጥ!

«ታዲያ ሐሜትስ?» የሚል የዋህ አይጠፋም። ሱረቱል ሑጁራት ላይ ሐሜት የሞተ ወንድምን ሥጋ እንደ መብላት መቆጠሩን ማንም ኡስታዝ በቃሉ ያውቀዋል። እዚያው ሱራ ላይ አመፀኛ ወሬ ሲያመጣ አጣሩ መባሉንም አይስተውም። መላው ቀላል ነው፤ ሥጋው ከ«ነሲሓ» ማባያ ጋር ይቀርባል፣ ከዚያ ያለ ሐሳብ ይበላል።

ሦስተኛውና ከልብ የሆነው ምስጋና ለዝምታቸው ነው። አዎ፣ ዝም የሚሉበትም ጉዳይ አለ። አንድ ሰው ለሌላው መልካምነት ሊመሰክር ኸሊፋው ዑመር ዘንድ ቀረበ ይባላል። ጎረቤቱ ነህ? አብረኸው ተጉዘሃል? በገንዘብ ተገበያይተሃል? ብለው ጠየቁት። ለሁሉም «የለም» ሲል፣ መስጂድ ውስጥ ሲሰግድ አይተኸው ይሆናል እንጂ አታውቀውም አሉት። ኡስታዞቻችን የሱሪውን ርዝመት፣ የጺሙን ልክ፣ ያጋራውን ቪዲዮ ሁሉ ይመረምራሉ። የዑመርን ሦስተኛ ጥያቄ ግን በአደብ ይዘሏታል።

ለመስጂድ ማስፋፊያ፣ ለየቲሞች፣ ለታማሚ ሕክምና እየተባለ በግል አካውንት ገንዘብ ይሰበሰባል። ብሩ ሲገባ ስክሪንሹት አለ። ሲወጣ ግን ኢኽላስ ይጋርደዋል፤ ሶደቃ በድብቅ ሲሆን ይበልጣልና! የባላንጣውን የአራት ሰከንድ ድምፅ ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረ ደርስ ቆፍሮ የሚያወጣ ኡስታዝ፣ ያለፈው ረመዳን ደረሰኝ የት እንደገባ አያስታውስም። «ሒሳቡ ይነገረን» ያለ ወንድም ደግሞ ስሙ ወዲያው ይወጣለታል፦ የዑለማን ክብር የማያውቅ፣ የዳዕዋ ጠላት፣ ከእነ እገሌ የተላከ።

ይህ የኛ ሰፈር በሽታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የሳዑዲ የባህልና የማስታወቂያ ሚኒስቴር ኮሚቴ፣ «አትዘን» በተባለው መጽሐፋቸው ዓለም ያወቃቸውን ዳዒ ዓኢድ አል-ቀርኒን የደራሲ ሰልዋ አል-ዑደይዳንን መጽሐፍ በሌላ መጽሐፋቸው ውስጥ ያለ ፈቃድ ተጠቅመዋል ብሎ 330 ሺህ ሪያል እንዲከፍሉ ወሰነ። የሁለቱም መጻሕፍት ጉዳይ ተስፋ አለመቁረጥ ነበር፤ ትምህርቱን በተግባር ያዋለችው ግን እስከ መጨረሻው የተሟገተችው ደራሲ ነች። የሰውየውን መንሃጅ የሚያብጠለጥል ረድ ያኔም ሞልቶ ነበር። አማናን የነካውን ነገር ይዛ አቤት ያለችው ግን ባለ መጽሐፏ ናት።

ከገንዘቡ ሌላ ዝናም አለ። ኢማሙ ገዛሊ እ.ኤ.አ. በ1095 ባግዳድ ውስጥ የታላቁ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ነበሩ። ኒያቸውን ቢፈትሹ የሚያስተምሩት ዝናና ክብር ስቧቸው መሆኑን አዩ፤ ወንበሩን ለቀው ሄዱ። ምን ዓይነት የአሠራር ጉድለት ነው! ዛሬ ቢሆን «የዝና አደጋ» የሚል ተከታታይ ደርስ ይጀምሩ ነበር፤ ለሚሊዮነኛው ተመልካችም የምስጋና ፕሮግራም ይዘጋጅ ነበር። በሶሒሕ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ፣ የቂያማ ዕለት መጀመሪያ ፍርድ ከሚያገኙት አንዱ ዒልም ተምሮ ያስተማረ ሰው ነው፤ ዓሊም እንዲባል ብሎ ሠርቷልና «ተብሎልሃል» ይባላል። ወዴት እንደሚወሰድ ኡስታዞቻችን ራሳቸው አስተምረውናል። በዚያ ዘመን ስንት ሰው እንዳለለት የሚቆጥር መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ቁጥሩ ከቪዲዮው ሥር ተጽፏል።

እኛ ተመልካቾችም ከምስጋናው ድርሻ አለን። የውዱእ ደርስ ሲለቀቅ እንቅልፋችን ይመጣል፤ ረድ ሲለቀቅ ሻይ አፍልተን እንጠብቃለን። ገበያው ያለኛ አይደራም።

ስለዚህ ኡስታዞች ሆይ፣ ረዱን አቁሙ የሚል ድፍረት የለኝም። አንዲት ክፍል ብቻ እንድትጨምሩልን ነው የምለምነው፤ በተለመደው ቀይ ፊደል፣ በተለመደው አስደንጋጭ ሙዚቃ አልባ ነሺዳ፣ ርዕሷም «የእኔ ሒሳብ ሲጋለጥ»። ማን ሰጠ፣ ስንት ገባ፣ በምን ወጣ፣ ስንት ተረፈ። አሥራ አራት ክፍል አያስፈልጋትም፤ አማና ያለው ሰው በአሥር ደቂቃ ይጨርሳታል።